የክፉ ቀን ገበታ

እትዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው በሰቆጣ ገበያ፣ ማር ተራ ላይ ተንበርክከው ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከጣታቸው ጫፍ ማር ይልሳሉ። ያደረጉት የከተማ ጫማ ነው፤ አቧራው ግን ግድ አልሰጣቸውም።

“ይሄ የግራር ማር ነው” አሉት ባለማሩን። “ከቆላው የመጣ።”

“እትዬ፣ ከቀፎው ውስጥ ነበሩ እንዴ?” አላቸው። ተራው ሁሉ ሳቀ።

እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ቀፎውን በምን እንዳጨስከውም መጥቶልኛል። በኩበት ነው፤ ጭሱ በዝቶበታል” አሉት። ሰውዬው ሳቁን ተወና ወደ እኔ ዞሮ፣ “እኒህ ሴትዮ ሰላይ ናቸው” አለኝ።

ማን እንደሆኑ ያወቅኩት የግቢዬን የጎን ቤት ሊከራዩ የመጡ ጊዜ ነው። የሰቆጣ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ለትምህርት ወጥተው፣ ጠጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖሩ። ሀገራችንን ዋግን ይገዙ የነበሩትን የዋግሹሞችን ትውልድ ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየቆጠሩ የጻፉት መጽሐፍ ጡብ ያህላል። ሽማግሌዎቻችን ሳያነቡትም ይኮሩበታል። በስተርጅና ግን ሌላ መጽሐፍ ጻፉ፤ የሀገሪቱን ምግብ። ሽማግሌዎቹ በዚህኛው አልኮሩበትም። ስለ ንጉሥ የጻፈ እጅ ስለ ወጥ ሲጽፍ የወረደ መሰላቸው።

እኔም አንድ ቀን፣ “እትዬ፣ ንጉሡን ትተው ሽንኩርቱን ምን አስጀመረዎ?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ንጉሡ ሳይበላ ስንት ቀን ይነግሥ ነበር?” አሉኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ማንበብ ግን አልተውኩም፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ። በሰፈራችን የምታወቀው በሌላ ነው። ለበዓል በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲከፈል፣ ዕጣው ከመጣሉ በፊት እኔ ከመደቦቹ አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ጉበቱ ወደ አንዱ መደብ ካመዘነብኝ ቢላዋውን አስቆማለሁ። “አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?” ይሉኛል ወንዶቹ። “በላተኛ ነኝ” እላቸዋለሁ።

እንግዲህ ያንን የምግብ መጽሐፍ ሰጡኝና ማንበብ ጀመርኩ። የጎንደሩ አለ፣ የጎጃሙ አለ፣ የሐረሩ፣ የጅማው፣ የጉራጌው። ሁሉም በየመደቡ ሞልቶ ተቀምጧል። ለዋግ የደረሳት ግማሽ ገጽ ነው፤ እሱም ስለ ማሩ። መጽሐፉን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

“እትዬ፣ ይሄ ቅርጫ በማን ዕጣ ነው የተከፈለ? እኛ ስንካፈል የት ሄደን ነበር?”

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “ለዚሁ ነው የመጣሁት” አሉኝ። “መጽሐፉ ዳግም ሊታተም ነው። የዋግን መደብ ሳልሞላ አላሳትመውም ብያቸዋለሁ።” ሳቃቸው ሲያበቃ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ልባቸው ደክሟል። ሐኪማቸው ከአዲስ አበባ እንዳይርቁ ነግሯቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሳቸው ጋር ዞርኩ። ሲጠይቁ ማየት ዳኛ ሲያስችል እንደማየት ነው። አንዷ ሴት የነገረቻቸውን ለሌላዋ አይነግሩም፤ እንደ አዲስ ይጠይቋታል። የሚጋጭ ሲያገኙ ፊታቸው ይበራል። “ሁሉም አንድ ቃል ከተናገሩ ተማክረዋል ማለት ነው” ይሉኛል። ሴቶቹ በአማርኛ መናገር ሲያቅታቸው በኽምጥኛ እንዲነግሯቸው ይለምኗቸዋል፤ በልጅነታቸው የተዉት ቋንቋ በቅመምና በቅጠል ስም በኩል ቀስ እያለ ተመለሰላቸው።

አንድ ቀን በርበሬ ስወቅጥ አጠገቤ ተቀመጡና፣ “ይሄ እንግዳ ነው” አሉኝ።

“የቱ?”

“በርበሬው። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የሰቆጣን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከአለት የፈለፈሉት የጥንት ሰዎች አያውቁትም።”

ዘነዘናዬን አቆምኩ። “አላምንም። ያለ በርበሬ ወጥ ምን ሊባል ነው?”

“ነይ እንሥራውና እንየው።”

የአበርገሌ ፍየል ሥጋ ገዛን። እትዬ በሚያቃጥለው በጥምዝ፣ በኮረሪማ፣ በዝንጅብልና በጥቁር አዝሙድ ሠሩት። “እንዲህ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ እንጂ አልምልም” አሉኝ፤ “ምስክር የጎደለበትን ቦታ እንደጎደለ ነው የምጽፈው።” ወጡ ቀለሙ የአፈር ነው። ቃጠሎው ምላስ ላይ አይቀርም፤ ወርዶ ደረት ውስጥ ይቀመጣል።

እኔ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜዋለሁ። አለቱ ላይ የቀረውን የመሣሪያ ምልክት በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ያ ጠራቢ ሰው ውሎ ሲገባ ምን ይበላ እንደነበር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አሁን አፌ ውስጥ ነበር። ማተቤን ያዝኩ። እትዬ ፊቴን አይተው እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። እኒህ ሴት ሙት እንደሚያስነሡ ያመንኩት በዚያ ምሳ ላይ ነው።

የፍየሉ፣ የማሩ፣ የገብሱ፣ የዘንጋዳው ከተጻፈ በኋላ፣ “አሁን የክፉ ቀኑን ንገሪኝ” አሉኝ።

“የምን ክፉ ቀን?”

“ዝናብ ሲቀር የምትበሉትን። ሳማውን፣ ቁርቁራውን፣ ጓያውን።”

ደሜ ፈላ። “እትዬ፣ ምን ነካዎ? የሌላው ሀገር በዶሮና በቅቤ ይጻፍ፣ የእኛ በሳማ? ዋግ በተጠራች ቁጥር ረሃብ ነው የሚያወሩላት። አሁን የራሷ ልጅ በመጽሐፍ ልታጸድቀው ነው?”

“ካልፈቀዳችሁ አልጽፍም” አሉ። “ግን አስቢበት። ከረሃቡ ዓመት የቀረው ጽሑፍ የሞተውን ነው የሚቆጥር። የተረፈውን ማን አተረፈው? አንዲት ሴት ድስት ጥዳ ነው። እሷን የጻፋት የለም።”

ተናድጄ ወጣሁ። ንግግራቸው ግን ተከትሎኝ ገባ። ምክንያቱም ያቺን ሴት አውቃታለሁ፤ እናቴ ናት። ጓያ ጥሩ አተር ይመስላል። በድርቅ ሁሉም ሲደርቅ እሱ ይበቅላል። ያለ ሌላ እህል ዘወትር ሲበሉት ግን እግር ይሰብራል፤ ጎልማሳውን በምርኩዝ ያስኬደዋል። እናቴ በደሃና ወረዳ ጓያውን ዘፍዝፋ፣ ቀቅላ፣ ውሃውን ትደፋዋለች፤ እንደገና ቀቅላ እንደገና ትደፋዋለች። ከተገኘ እፍኝ ገብስ ትቀላቅልበታለች። ከእኛ ቤት እግሩ የተሰበረ የለም።

ደግሞም በቅርቡ፣ መንገድ ተዘግቶ እህል በጠፋበት ዓመት፣ ከአበርገሌ ተፈናቅላ የመጣች ወጣት እናት ጓያ በመጀመሪያ ውሃው ቀቅላ ለልጆቿ ልታቀርብ ስትል ደርሼባት ነበር። “ድፊው!” ብዬ ጮህኩባት። “ለምን?” አለችኝ። የነገራት አልነበረም።

ይህን ሳስብ ሰንብቼ ወደ እትዬ ሄድኩ። “እኔ ፈቅጃለሁ” አልኳቸው። “ሽማግሌዎቹ ግን አይፈቅዱም። በተለይ የእድሩ ዳኛ።”

የእድራችን ዳኛ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የሰበራቸው ጓያ ነው። በመንደሩ፣ ‘እናቱ ውሃ መድፋት ታክቷት ነው’ ይባላል፤ እሳቸው በሌሉበት። ወሬው ከጆሯቸው ደርሶ ኖሮ፣ ገና እትዬን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ምርኩዛቸውን አነሱባቸው። “ጓያ እግሬን ሰበረኝ። አሁን ደግሞ ስሜን ሊሰብርልዎ ነው? እኔ በሕይወት ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር በዋግ ስም አይጻፍም። ከጻፉም የዋግ ልጅ ነኝ እንዳይሉ!”

እትዬ ቤት ገብተው ተቀመጡ። የመጨረሻዋን ቃል መቻል አቅቷቸው ነበር። “እሳቸው ካልፈቀዱ ምዕራፉ ይቀራል” አሉኝ። “ምዕራፉ ከቀረ ደግሞ መጽሐፉን እንዳለ አላሳትመውም። ሌላ ዓመት የምጠብቅበት ልብ የለኝም።” ይህን ያሉት በምሬት አልነበረም፤ እንደ ፀሐይ መጥለቅ ያለ ነገር አድርገው ነው። ትንሽ ቆይተው፣ “በይ ጥሪያቸው። ምሳ እናብላቸው” አሉ።

የመስቀል ሰሞን ነበር፤ ሳማው ለምልሟል። ቁርቁራውን፣ የቆላ ሰዎች ጋባ የሚሉትን ፍሬ፣ ደርቆ ከኒሯቅ ገበያ አስመጣን። ወቅጠን ቂጣ ጋገርነው። ጓያውን እናቴ እንዳስተማረችኝ ንፍሮ አድርጌ ቀቀልኩት። ግን እንግዳ ነው የጠራሁት። ራቁቱን ቅጠል ለሽማግሌ ማቅረብ እጄ እንቢ አለኝ። እትዬ ዞር ሲሉ በሳማው ላይ ንጥር ቅቤ፣ በጓያው ላይ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ።

እትዬ ተመልሰው ቀመሱ። “ይሄ የማን ቅቤ ነው?”

“የእኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል?”

“በዚያ ዓመት እናትሽ ቅቤ ነበራት?”

“ከየት አምጥታ!”

“እንግዲያ ይሄ የሐሰት ምስክር ነው” ብለው ድስቱን ለውሻዬ ገለበጡት። ቅቤዬን! ስንት ነገር አፌ ላይ መጣ። ነገር ግን ያች የደከመች ሴት ሌላ ልታመጣ ማጭድ ይዛ ሳማው መሐል ገብታ ስታጭድ፣ እጇ ሲቃጠል፣ ሲያብጥ፣ አንዴም ‘እህ’ ሳትል ሳይ አፌ ተዘጋ። (በንዴቴ ‘እሷ’ እያልኳቸው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።) ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ሁሉ በስም የሚያውቁ ሰው፣ ለአንድ ቅጠል እውነት እንዲህ ሲቃጠሉ አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ግብዣ ነው ብለው መጡ። የእድሩ ዳኛም መጡ፤ ገበታ ሲጠሩ መቅረት ነውር ነው። እጅ አስታጠብኩ። ከዚያ ገበታው ቀረበ። የጓያው እንፋሎት ሲወጣ የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጎትተው ወደ ኋላ ሸሹ።

“ክደኑት! እንፋሎቱ ይሰብራል!”

“አያ፣ ተሰብረው የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀረዎ?” አሉ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ። አንዳንዱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ተነሡ።

“ለዚህ ነው የጠሩን? ሊሰድቡን?”

እትዬ ከጓያው ንፍሮ ዘግነው መዳፋቸው ላይ አደረጉና በላተኞቹ እያዩ በሉ። ከሳማው ቀመሱ። ከቁርቁራው ቂጣ ቆርሰው ዋጡ። ከዚያ ባዶ መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩ።

በእኛ ሀገር ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ‘መርዝ የለበትም፤ ካለበትም በእኔ ይጀምር’ ማለት ነው። ባለቤቱ ቀምሶ ያቀረበውን ‘አልፈልግም’ ማለት ባለቤቱን መርዘኛ ማለት ነው። በዚህ ነገር ሰው ተገድሎበታል። ሽማግሌዎቹ የእትዬን መዳፍ አዩ። እትዬ በድሮ ሕግ አስረዋቸዋል፤ ያውም አንድ ቃል ሳይናገሩ።

መናገሩን እኔ ቻልኩበት። “አያ! ቀምሰውልዎታል! እንግዲህ ‘መርዘኛ ነዎት’ ይበሏቸውና እድሩ ይስማ፤ ወይም ይቀመጡ!”

“አንቺ ደግሞ ዘላለም እንደ ቆቅ መጮህ ነው” አሉኝ። ተቀመጡ።

እጃቸውን ወደ ጓያው ዘረጉ። ጥቂት ፍሬ አንሥተው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ቀስ እያሉ አኘኩት።

“ውሃው ተደፍቷል” አሉ።

“አዎን፣ ተደፍቷል” አልኩ፤ በእናቴ ኮርቼ።

“እናቴም መድፋቱን ታውቅ ነበር” አሉ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። “ውሃውን ከየት ታምጣው? ምንጩ ደርቆ። ንጋት የሄደች ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንድ ቅል ይዛ ትመለሳለች። ያንን ትድፋው? እንጠጣው? የቀቀለችበትን አጠጣችን። እያወቀች። እያለቀሰች። ሰዉ ‘ታክቷት ነው’ ይላል። ሲል እሰማለሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ እሰማለሁ። አሁን ‘ያወቀች ደፍታ ልጇን አተረፈች’ ተብሎ ሲጻፍ፣ ያልደፋችው የእኔዋ ምን ልትባል ነው?”

እኔ እግሬ ሥር ያለውን ምንጣፍ አየሁ። እናቴ የኖረችው ከወንዝ ዳር ነበር። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ። ይህን ነገር ከዚያች ምሳ በፊት ከጓያው ጋር አያይዤው አላውቅም።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ብዕር ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ “ምንጩ የትኛው ነበር?” አሉ። እንደዚያ ለስልሰው ሲጠይቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

የእድሩ ዳኛ ነገሯቸው። የዛፉን ስም፣ የድንጋዩን ስም፣ ምንጩ መጀመሪያ መድረቅ የጀመረበትን ጎን። ሌሎቹም ገቡበት። አንዱ፣ “ሳማውን በዱላ ይወግሩታል እንጂ እንዲህ አይደለም” አለ። ሌላው፣ “እናንተ ዘንድ ነው በዱላ፤ እኛ በአመድ ነው የምናሸው” ብሎ ተቆጣው። ጥንት ስለ ዋግሹሞች ትውልድ ሲሟገቱ የማውቃቸው ሰዎች ስለ ቁርቁራ አወቃቀጥ ተጣሉ። እትዬ መሐላቸው ተቀምጠው አንዱን ከሌላው እያጋጩ ይጠይቃሉ፤ ፊታቸው በርቷል። ገበታው ባዶ ሆነ።

የእድሩ ዳኛ ሊሄዱ ሲነሡ በሩ ላይ ቆሙ። “ከጻፉ ውሃውን ይጻፉ” አሏቸው። “ያልደፋችው ባለማወቅ እንዳልሆነ።”

“ከሁሉ በፊት እሱን እጽፋለሁ” አሉ እትዬ።

መጽሐፉ በዓመቱ መጣ። የእትዬ የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ይዛው መጣች። በጣቴ እየተከተልኩ የዋግን መደብ አነበብኩ። ድርሻችን አንሶ አልተገኘም። ማሩና ፍየሉ አለ፤ ሳማው ከኋላ አልተደበቀም፤ በመሐላቸው ተቀምጧል። የጓያው ገጽ የሚጀምረው እህሉን በመዘፍዘፍ አይደለም። የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያ ውሃ ሊኖር ይገባል። ከዚያ ስለ አንዲት እናትና ስለ አንድ ምንጭ። ነገሥታቱን በጻፉበት በዚያው ብዕር፣ ያንኑ ያህል አክብረው። ገጹን ለእድሩ ዳኛ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ዓይናቸው ፊደል አይለይም። ስጨርስ፣ “ድገሚው” አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው በገበያው በኩል ሄዱ፤ ቤታቸው በዚያ በኩል አይደለም። ለማን ለማን እንደነገሩ እንጃ፤ ያ የድሮ ወሬ ግን ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልገባም።

እትዬ መጽሐፉን ካዩ በኋላ፣ በተከታዩ ሐምሌ መጨረሻ አረፉ። አርባቸው በመስከረም ዋለ። ዘመዶቻቸው በሬ ጣሉ። እኔ ደግሞ ማንንም ሳላስፈቅድ አንድ ድስት ጓያ፣ ውሃውን እየደፋሁ፣ ቀቀልኩ። “በተስካር ላይ ይሄ ምንድን ነው?” ብለው ከከተማ የመጡት ዘመዶች አጉረመረሙብኝ። “እሳቸው የሞቱለት ነው” ብዬ አለፍኳቸው።

ድስቱን ከሥጋው ጎን አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ወጣ። እንደ ሥርዓቱ ዘግኜ መዳፌ ላይ አደረግኩ፤ ቀና ብዬ በላተኞቹን ሳይ የእድሩ ዳኛ እጃቸው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ጉንጫቸው ሞልቷል።

“አያ፣ ገና አልቀመስኩልዎም እኮ!”

“እትዬ ቀድመው ቀምሰውልኛል” አሉኝ፤ ማኘካቸውን ሳያቆሙ።